አንገትህ ላይ የኖረችው ወረቀት

ይድረስ ላንተ፣ ለአባዬ፤

እንደምን ሰነበትህ ብዬ ብጀምር አንተው ትስቅብኛለህ። የጉልበትህ ቁርጥማት እንደለቀቀህ አውቃለሁ፤ ሳሉም ቢሆን እስከዚያ ድረስ የሚከተል አይመስለኝም። ስለዚህ ጤናህን ትቼ የእኛን ልንገርህ። ከተለየኸን ወዲህ ክረምቱ ወጣ፤ አንተ የዘራኸውን ገብስ እኛ አጨድነው፣ ወቃነው፣ ጎተራ አስገባነው። የዘራው ሰውዬ ሳይቀምሰው እኔ ስበላው አፈርሁ። አፈርሁ ማለቴ ግን ትንሽ በላሁ ማለት አይደለም።

ቦራው በሬ ደህና ነው። ከአንተ የተማረውን ዐመል ግን አልተወም። ከግራሩ ሥር ስንደርስ፣ አንተ ከመንገደኛ ጋር ወሬ ትይዝበት ከነበረው ቦታ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጅራፍ ባጮህ አይሰማም። ወሬህን እስክትጨርስ ይጠብቅና በራሱ ጊዜ ይነሣል። መጀመሪያ ሰሞን ያናድደኝ ነበር፤ አሁን እኔም አብሬው ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

እማዬም ደህና ናት። ሁለት ሰው መቆጣት የለመደች ሴት አንዱ ሲጎድልባት ቁጣዋን አልቀነሰችም፤ ያንተንም ድርሻ ለእኔ ደርባ ሰጠችኝ። «ይኼ የአባቱ ልጅ» ስትል ስድብ ይሁን ምርቃት እስካሁን አልለየሁትም።

ይህን የምጽፍልህ ግን ስለ በሬ ብዬ አይደለም፤ ስለዚያች ወረቀት ነው። አንተ የምታውቀውን መልሼ ስነግርህ እንዳትሰለች። ይህን ደብዳቤ ጻፈ ከተባለ ሰፈሩ ሁሉ አንብብልን ማለቱ አይቀርምና ከሥሩ ልጀምር።

እኔና ምትኩ ሁለታችንም በእናቶቻችን ሆድ ሳለን የአያ ካሴ ወንድም የምትኩን አባት፣ የእትዬ ጥሩነሽን ባል፣ በወሰን ጠብ ገደለው። ገዳዩ ታሰረ፤ ሲፈታም ወደ ስማዳ ሄዶ እዚያው ቀረ። ሁለቱ ቤቶች ግን ማሳቸው ጎን ለጎን ነውና የት ይሄዳሉ። አንተና ሽማግሌዎቹ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ስትመላለሱ ከርማችሁ አስታረቃችኋቸው። የእርቁን ቃል አንተ በአንዲት ሉክ ወረቀት ጻፍኸው፤ አያ ካሴና እትዬ ጥሩነሽ አውራ ጣታቸውን ሐምራዊ ቀለም ነክረው ከግርጌው አተሙ። ከዚያ ወረቀቷ ማን ዘንድ ትቀመጥ ተባለ። እነ አያ ካሴ ቤት ብትባል እነ እትዬ ጥሩነሽ እንቢ፣ እነሱ ቤት ብትባል እነ አያ ካሴ እንቢ፣ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ብትባል ደግሞ የዕቃ ቤቱ ቄስ የአያ ካሴ አጎት ናቸው ተባለ። ያን ጊዜ ነው አንተ ወረቀቷን አጣጥፈህ፣ እንደ ክታብ በቆዳ አሰፍተህ አንገትህ ላይ ያሰርሃት። «የፈለጋት ከአንገቴ ይውሰዳት» አልህ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በአስተርዮ ማርያም ዕለት ስፌቷ ይፈታል። ሁለቱ ቤቶች እኛ ግቢ ይቀመጣሉ፣ አንተ ታነባለህ፣ ከእማዬ ጋን ሁለቱም ወገን ይጠጣል፣ ወረቀቷ ተመልሳ ትታጠፍና ትሰፋለች። ልጅ ሳለሁ ምንድን ናት ብዬ ስጠይቅህ «የሚቀልድ ልጅን አፍ የምታስይዝ መድኃኒት ናት» ብለኸኝ ስንት ወር በዝምታ እንደኖርሁ አንተ ታውቃለህ። እንየው ቀልዱን ከማን ወረሰው ሲሏት እማዬ በአገጯ ወደ መቃብርህ በኩል ትጠቁማለች።

ወረቀቷ አብራህ አረሰች፣ አብራህ አጨደች፣ ዝናብ መታት፣ ላብህን ጠጣች። የሞትህ ዕለት ከግንዘቱ በፊት እማዬ ክሯን በጥሳ ምሰሶው ላይ ሰቀለቻት። ይህን ያየነው ግን እኛ የቤት ሰዎች ብቻ ነን። ውጭ የነበረው ሰው ከአንተ ተለይታ አይቷት አያውቅምና አብራህ የተቀበረች መሰለው። ምትኩም መሰለው። መካነ ኢየሱስ ከተማ እህል ሲጭንና ሲያራግፍ ከርሞ፣ «ወረቀቷ ከሰውየው ጋር ወርዳለች፤ ከእንግዲህ በእኔና በእነሱ መካከል ያለው አንድ ወሰን ብቻ ነው» ማለቱ ከራሱ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። እሱ ሲመጣ ዱላውን እንደያዘ መጣ። የአያ ካሴ የልጅ ልጆች ከብት ወደ ወንዝ መንዳት ተዉ። ውሃ በጀሪካን እየተሸከሙ በረት ውስጥ ያጠጡ ጀመር። ላም በጀሪካን ስትጠጣ አይተህ ብታውቅ ትስቅ ነበር፤ እኔም ልስቅ ብዬ አቃተኝ።

እንግዲህ አስተርዮ ሲደርስ ወረቀቷ በሁለቱም ፊት ካልተከፈተች ምን ሊመጣ እንደሚችል አልነግርህም። አንተ እኮ ለዚያ ነው አንገትህን የሰጠኸው።

ገና ካለፈ በኋላ ከምሰሶው አውርጄ ስፌቷን ፈታሁ። ወረቀት አልጠበቀኝም፤ አንዲት የደረቀች ጡብ ጠበቀችኝ። ላብህና የክረምቱ እርጥበት እጥፋቱን ሁሉ አጣብቀውታል። ጫፏን ነካ ባደርጋት እንደ ድርቆሽ ተሰብራ ጣቴ ላይ ቀረች። እኔ በሕይወቴ የማትቀልድ ነገር ስትገጥመኝ እሷ የመጀመሪያዋ ናት። እጄን ሰበሰብሁ።

ስምንተኛ ክፍልን ትቼ፣ ወይም እሱ እኔን ትቶ፣ ንፋስ መውጫ ጋሽ ሰኢድ ኮፒ ቤት የሠራሁበትን ጊዜ ታስታውሳለህ። ያን የዶሮ ማስታወቂያ የፈጠርሁበት ቤት ነው። «ከንጋት በፊት የሚጮህ አውራ ዶሮ ያለው ሁሉ ይዞ ቀርቦ ያስመዝግብ» የሚለውን በደማቅ ፊደል አትሜ፣ ዙሪያውን መስመር አስምሬ ገበያው በር ላይ ስለጥፈው የሚያምን ሰው ይኖራል ብዬ አልነበረም። ዶሮ ያቀፈ ሰው ሰልፍ ይዞ ሳይ ግን ከሣቁ ብዛት ጎኔ ሊፈነዳ ነበር፤ ከሰልፉ መሀል ዶሮውን አቅፎ የቆመው ሰውዬ አንተ መሆንህን እስካይ ድረስ።

እንግዲህ ወደ ጋሽ ሰኢድ ሄድሁ። ወረቀት በላስቲክ የሚለብደው ማሽን አለው፤ መታወቂያ ሲገባበት ወጥቶ የሚያብረቀርቅ። እሱ ጡቢቱን ገለባብጦ አይቶ መለሰልኝ። «ስማ እንየው፣ ይቺን እዚህ እሳት ውስጥ ከትቼ ብትቃጠል ሁለቱም ቤት ዱላውን ይዞ የሚገናኘው እኔ ሱቅ ነው። እኔን እየደበደቡ ይታረቁ ይሆናል፤ ግን ሌላ መንገድ ፈልግላቸው» አለኝ። ቀጥሎም ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር መጽሐፍ የሚጠግኑ አባት እንዳሉ ነገረኝ፤ የመንገዴንም ዳቦ ሰጠኝ። ዶሮዎቹን ግን እስካሁን ይቅር አላለኝም፤ ስወጣ «ማስታወቂያ የለህም?» ብሎ ኪሴን ፈተሸኝ።

ቤተ ልሔም እኚያን አባት፣ የኔታን፣ ያገኘኋቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የተበጣጠሰ መጽሐፍ ሲሰፉ ነው። ተማሪዎቹ በየጥጋቸው ዜማ ያወርዳሉ። የኔታ ጡቢቱን ተቀብለው መጀመሪያ አሸተቷት። «የገበሬ ላብ ነው» አሉ። ነገሩን ከነገርኋቸው በኋላ «ውሃ እንዳታስነካት። የውሃ ትንፋሽ ግን አስነካት። ርጥብ አየር ባለበት ዝግ ቦታ ታድር፤ ስትላላ አንዱን እጥፋት ብቻ ክፈት፤ እንቢ ካለችህ መልሳት» አሉኝ። የተሰነጠቀውን በምን ልያዘው ስላቸው፣ የስንዴ ሊጥ ታጥቦ ከሥሩ የሚዘቅጠውን ነጩን አፍልቼ በስሱ እንድቀባ፣ ከጀርባዋም ከእሷ የሳሳ ወረቀት እንድለጥፍ ነገሩኝ። ከእሷ የሳሳ ወረቀት የት ይገኛል ስላቸው፣ «እሱን ለአንተ ተውሁት» አሉ።

ልወጣ ስል «እስከ ስንት ተማርህ?» አሉኝ። «እስከ ስምንት ነው የኔታ፣ ያውም ስምንተኛውን ሁለት ጊዜ» አልኋቸው። «እንግዲያው አንድ ቦታ ላይ መቆየት ታውቅበታለህ፤ ይኸም የሚፈልገው እሱን ነው» አሉና ወደ መርፌያቸው ተመለሱ። ተማሪዎቹ ሳቁብኝ። አየህ፣ ከእኔ የሚብስ ተረበኛ ቤተ ልሔም ተቀምጧል።

አሁን ርጥብ አየር ያለበት ዝግ ቦታ በእኛ ቤት የት ነው? ብዙ አሰብሁ። ከዚያ ዓይኔ የእማዬ ጋን ላይ አረፈ። ሸክላ ውሃ ይጠጣል፤ ጠጥቶም ቀስ እያለ ይተነፍሳል። እማዬ ለአስተርዮው ጠላ በግራዋ ቅጠል አጥባ ደፍታው ነበር። በውስጡ ውሃ አዟዙሬ አንጠፈጠፍሁት። ከአጎበሩ ቁራጭ ቆርጬ እንደ ሕፃን አንቀልባ አደረግሁና ወረቀቷን አስተኛሁባት፤ አንቀልባዋን በእንጨት አስሬ ከጋኑ ትከሻ በታች ወጥሬ አጋደምሁት፤ አፉን ከደንሁት። እንጨቱን ወደ ውስጥ ያጠለቅሁት እማዬ እንዳታይ ብዬ ነው። «በአባትህ ወረቀት እንዳትጫወት፣ ለቄስ ስጥ» ብላኝ ነበርና።

በማግስቱ ጡቢቱ ለስልሳ አገኘኋት። በላባ ጫፍ አንዲቱን እጥፋት ከፈትሁ። መልሼ አስተኛኋት። ቀጥሎ ሌላዋን። እንዲህ እንዲህ እያልን የእጅህ ጽሑፍ ከመሀል መውጣት ጀመረ፤ የእስክርቢቶህ ቀለም ንቅንቅ አላለም። ያን «መ» የምትጽፈውን ሁለት ጆሮዋ የተንጨፈረረ «መ» ሳይ ደስ አለኝ። አባዬ፣ ጽሕፈትህ ግን ድሮም እንዲህ አስቀያሚ ነበር እንዴ? ሲነበብ ነው እንጂ ሲታይ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። በዶሮ የተበደልኸውን በዶሮ መለስህልኝ።

የቀረችው የመጨረሻዋ እጥፋት ነበረች፤ ሁለቱ ጣቶች ያሉባት፤ ስትታጠፍ አንዱ ጣት ከሌላው ጣት ላይ የምትተኛው። ትላላ ብዬ ትቻት ከብት ላጠጣ ወደ ወንዝ ወረድሁ። ስመለስ ከጓሮ ጭስ አየሁ። የወይራ ጭስ። አባዬ፣ ይኼኔ አንተ ካለህበት ቀድመህ ገብቶሃል። እማዬ ለጠላው ጋኗን ልታጥን ፍሙ ላይ የወይራ ፍልጥ አድርጋ ጋኑን ከነወረቀቱ ደፍታበታለች።

እንዴት እንደሮጥሁ አላውቅም። ከብቱን ትቼ፣ አጥሩን ዘልዬ፣ ጋኑን አቅፌ ቆምሁ። እማዬ ደነገጠች። «ምን ሆነሃል፣ ጋን ሲታጠን አይተህ አታውቅም?» አለችኝ። ልነግራት የፈለግሁት ብዙ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «ከውስጡ አባዬ አለ» የሚል ብቻ ነው። እማዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አልተቆጣችም። እሷ ሳትቆጣ ስትቀር ነው የፈራሁት።

ጋኑን አቅንተን እጄን እስከ ብብቴ ከተትሁ። አንቀልባዋ አለች። አወጣኋት። ወረቀቷ እንደ ቋንጣ ታጥና፣ መልኳ እንደ ጎተራ አፍ ጠቁሮ፣ ያቺ እንቢ ያለችው እጥፋት ግን በራሷ ጊዜ ወለል ብላ ተከፍታለች። ደስታዬ አንድ ትንፋሽ አልቆየም። እርጥበቱ ስለበዛባት የጣቶቹ ቀለም ሮጧል። የአያ ካሴ ሐምራዊ ጣት ወደ ጎን ፈስሶ የእትዬ ጥሩነሽን ጣት ነክቷል። ጭሱ ፈጥኖ ባያደርቀው ኖሮ ሁለቱም ተዋሕደው አንድ እድፍ በሆኑ ነበር። እኔ አበላሸኋት ብዬ ራሴን ያዝሁ። እማዬ ግን ተነሥታ ወረቀቷን ከእጄ ወስዳ አሸተተቻት፤ ረጅም ጊዜ። «ጭስ አዲሷ አይደለም። ስንት ዓመት ከእሱ ጋር እሳት ዳር ተቀምጣለች» አለችና መልሳ ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ አጎበሩ ቁራጭ ተቆጣችኝ፤ እኔም ተረጋጋሁ።

የሚቀጥለውን ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ። ሰው ፊት ሳነብ ይህችን አንቀጽ እዘላታለሁ። ያ ከእሷ የሳሳ ወረቀት የተገኘው ከሲጋራ ነው። ንፋስ መውጫ ሄጄ አንድ ፓኮ ገዛሁ፤ ትምባሆውን እያራገፍሁ ወረቀቱን በስሱ ቀድጄ፣ የስንዴውን ነጭ እየቀባሁ ከጀርባዋ በየስንጥቁ ለጠፍሁት። የማርያም ዕለት የሚነበብ ቃል የሲጋራ ልብስ ለብሶ ቆመ። ለየኔታ አልነገርኋቸውም፤ አንተም እንዳትነግርብኝ፣ አንድ ቀን እዚያ መምጣታቸው አይቀርምና። እማዬ ባዶውን ፓኮ አግኝታ «እሱ ከሞተ ወዲህ ማጨስ ጀመርህ» ብላ ስታለቅስ ትምባሆውን በላስቲክ እንዳለ አምጥቼ ማሳየት ነበረብኝ። አሁን ለበግ ቅማል ይሆናል ብላ አስቀምጣዋለች።

ከሁለት ጣውላ መሀል አድርጌ የስንዴ ጆንያ ጫንሁባት። ሲነሣ ቀጥ ብላ ወጣች። መሀሏ ላይ ብቻ፣ እጥፋቶቹ በሚገናኙበት፣ ጥፍር የምታህል ቀዳዳ ቀረች። የነበረው ጽሑፍ እንደ ዱቄት ሆኖ ጠፍቷል። ምን እንደነበረ እኔ አላስታወስሁትም። በየዓመቱ ስታነብ እኔ ምን ስሠራ እንደነበር ታውቃለህ፤ የአያ ካሴን ዱላ ስደብቅ።

አስተርዮ ደረሰ። ሁለቱም ቤት መጣ። እነ አያ ካሴ በቀኝ፣ እነ እትዬ ጥሩነሽ በግራ ተቀመጡ፤ ያንተ መደብ ባዶ ነው። ምትኩ አልተቀመጠም፤ ዱላውን ትከሻው ላይ አግድሞ አጥሩ ሥር ቆመ። ወረቀቷን በሰፌድ አድርጌ በነጠላ ሸፍኜ አመጣኋት። ነጠላውን ስገልጠው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አያ ካሴ ዓይናቸውን ጨፍነው ተመስገን አሉ። ምትኩ ግን መጥቶ ጎንበስ ብሎ አያትና ቀና አለ።

«ይቺ ወረቀቷ አይደለችም። እንየው ነው የጻፋት» አለ። «ዶሮ ያስመዘገበ ሰው እርቅ መጻፍ ያቅተዋል?»

ሰው አጉረመረመ። አንዱ ከኋላ «ሻይ ውስጥ ነክሯት ነው እንጂ ወረቀት እንዲህ ይጠቁራል?» አለ። ሌላው «ያችኛዋ መታጠፊያ ነበራት፣ ይቺ ቀጥ ያለች ናት» አለ። አየህ አባዬ፣ ቀጥ ለማድረግ የለፋሁበት ሁሉ ምስክር ሆኖ መጣብኝ። እሷው ናት ብዬ ብምል ማን ያምነኛል? በዚያ ግቢ ከተቀመጠው ሰው አንዴ እንኳ ያላታለልሁት የለም። ምትኩ ዱላውን ከትከሻው አወረደ። የአያ ካሴ የልጅ ልጆች ተነሡ።

እትዬ ጥሩነሽ ከመቀመጫቸው ሲነሡ ማንም አላያቸውም። ሰፌዱ ዘንድ መጥተው ተንበረከኩ። ቀኝ እጃቸውን ከነጠላቸው አውጥተው አውራ ጣታቸውን ከሐምራዊው ጣት አጠገብ አስቀመጡት። በአውራ ጣታቸው ሆድ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ የሚሄድ ጠባሳ አለ። በወረቀቷም ላይ፣ በሐምራዊው መሀል፣ ቀለም ያልነካው ነጭ መስመር ከጥግ እስከ ጥግ ይሄዳል።

«ይህን ማጭድ የበላኝ አባትህ የሞተ ዓመት ነው፤ አንተን አርግዤ ብቻዬን ሳጭድ» አሉት ልጃቸውን፣ ቀና ብለው ሳያዩት። «እንየው ፊደል ይጽፍ ይሆናል። ጠባሳዬን ከየት ያመጣል?»

እሳቸው ግን አልተነሡም። ወደ ወረቀቷ ይበልጥ ጎንበስ አሉ። «አያ ካሴ» አሉ፣ «ይህ ከጎኔ ያለው የማን ጣት ነው?»

አያ ካሴ በዱላቸው ተደግፈው መጡ። «የኔ ነው» አሉ።

«ወሰኔን ገፍተህ ገብተሃል።»

በዚያ ግቢ በእነዚያ ሁለት ቤቶች መካከል ያን ቃል የሚያወጣ ሰው ኖሮ አያውቅም። አያ ካሴ ጎንበስ ብለው የፈሰሰውን ቀለም አዩት። «እውነትሽን ነው ጥሩ። ልመልሰው ብልም ካሁን በኋላ አይለቅም» አሉ። እትዬ ጥሩነሽ መጀመሪያ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ይስቃሉ። አያ ካሴም ሳቁ። ከዚያ ቀኝና ግራ ሳይለይ ሁሉም ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። በሕይወቴ ከሁሉ የሚያስቀውን ቀልድ ሌላ ሰው ሲቀልደው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

አንብብ አሉኝ። ባዶው መደብህ አጠገብ ቆሜ ያንተን የዶሮ ጭረት ማንበብ ጀመርሁ። «ከእንግዲህ በመካከላችን ደም አይለፍ። ከብት ቢገባ ከብቱ ይመለስ። ልጅ ቢሳደብ አባቱ ይቆጣው። በሆድ ያለውን ልጅ ግን...» ቀዳዳዋ ላይ ደረስሁ። ቆምሁ። እንደ ቦራ ቀጥ ብዬ። ሽማግሌዎቹ ሊነግሩኝ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ወደ አጥሩ ሥር ተመልሶ የቆመው ምትኩ በዝቅተኛ ድምፅ ጨረሰው፤ «...ሁለቱም ቤት ያሳድገው» አለ።

በየዓመቱ ስታነብ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ የነበረው ምትኩ። ያ በሆድ ያለ ልጅ እሱ ነው። አያ ካሴ የእናቱን ማሳ ሲያርሱለት ያደገ ልጅ። ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎ መጥቶ ተቀመጠ። የት እንደተቀመጠ ልብ ያልነው ጠላው ሲቀዳ ነው፤ በቀኝ በኩል፣ ከአያ ካሴ ልጆች መሀል።

ጠላው ዘንድሮ ጥሩ ነበር። ጋኑ ሁለት ጊዜ ስለታጠነ ነው አለች እማዬ። ሲመሽ ወረቀቷ ማን ዘንድ ትሁን የሚለው ነገር ተነሣ። ሁሉም አንገቴን አየ። እኔ እንደገና ብትታጠፍ እንደማትተርፍ፣ ቀጥ ብላ ከጣውላዎቹ መሀል መቀመጥ እንዳለባት ነገርኋቸው። አያ ካሴ ብዙም አላሰቡ። «እንግዲያው ምትኩ ቤት ትቀመጥ» አሉ። ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ እሳቸው ነበሩ እንቢ የሚሉት። ምትኩ ከነጣውላዋ በሁለት እጁ ተሸክሟት ሲወጣ አየሁት፤ ሙሉ የወጥ ድስት እንደያዘ ሰው መሬቱን እያየ ይራመድ ነበር። ከኋላው ሆኜ «ውሻ መጣ!» ብዬ ልጮህበት አምሮኝ ነበር። ለአንተ ስል ተውሁት። በማግስቱ የአያ ካሴ ላሞች ወንዝ ወረዱ።

እንግዲህ ቆዳው ባዶውን ቀረ። እማዬ ትጣለው መስሎኝ ነበር፤ ጠርጋ ቅቤ ቀብታ ሰጠችኝ። እኔም ይህችን ደብዳቤ በአንድ ሉክ ፊትና ጀርባ አጣብቤ እየጻፍሁልህ ነው፤ አንተ ስታጥፍ እንዳየሁህ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት፣ እያልሁ አጥፌ እከታታለሁ። ቆዳ ሰፊው ነገ ይሰፋልኛል። ምን አለበት ቢሉኝ የሚቀልድ ሰውን አፍ የሚያስይዝ መድኃኒት ነው እላቸዋለሁ።

በየአስተርዮው፣ ያንተ ወረቀት ከምትኩ ቤት መጥታ ከተነበበች በኋላ፣ እኔም ስፌቴን ፈትቼ ይህችን አነብልሃለሁ። የዓመቱን ወሬ ከግርጌዋ እየጨመርሁ፣ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ። አርሼባት ላቤን ትጠጣለች፣ ዝናብም ይመታታል፣ አንድ ቀን እጥፋቷ ላይ መሰንጠቋ አይቀርም። አታስብ አባዬ። ጋኑ አለ፣ ስንዴው አለ፣ የሲጋራውም ወረቀት ገና ብዙ ተርፎኛል።

ልጅህ እንየው